በጽሑፍ አስገቡ ስለተባልን

ይድረስ ለወንድሜ ለቢሻው አምባው፣ ካለህበት አዲስ አበባ።

አሰላሙ አለይኩም። እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ክረምት በገባ ቁጥር የሚይዝህ ያ ሳል ለቀቀህ ወይስ አብሮህ ከረመ? ባለቤትህ ትዕግሥት፣ ልጆችህ፣ ጎረቤቶችህ ሁሉ እንደምን አሉ? የበላኸው ይስማማሃል? እንቅልፍስ ይወስድሃል? ይህን ሁሉ የምጠይቅህ የደብዳቤ ወግ ስለሆነ ነው እንጂ መልስ አገኛለሁ ብዬ አይደለም። አንተን ጤናህን የጠየቀ ሰው የሚያገኘውን መልስ ከእንግዲህ አውቀዋለሁ፤ «ጤናን በተመለከተ አበረታች ሥራዎች እየተከናወኑ ይገኛሉ» ትልና ወደሚቀጥለው ጠያቂ ትዞራለህ።

እኛ ደህና ነን አልልህም። ደህና ብንሆን ኖሮ እኔ እህትህ በለጡ ባሚያዬንና በርበሬዬን ገበያ ላይ ትቼ ብዕር ይዤ አልቀመጥም ነበር። አባባ በስልክ ቢፈልግህ ጸሐፊህ «ጥያቄዎን በጽሑፍ ያስገቡ» አለችው። አባባ ደግሞ እንደምታውቀው ፊደል አልቆጠረም። ስለዚህ ስምንተኛ ክፍል ላይ የጣልኩትን ጽሕፈት አንስቼ ይኸው በጽሑፍ አስገባሁ። በእጅህ ይሰጠው ብዬም አልላክሁትም፤ ለመሥሪያ ቤትህ መዝገብ ቤት ነው የላክሁት። ቁጥር ይሰጠው፣ ማኅተም ይመታበት፣ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዙር። አንተ ዘንድ እስኪደርስ ሦስት አራት ሰው ቢያነበው ደስታዬ ነው። ለእነሱ እንዲገባቸው ብዬም አንተ የምታውቀውን ነገር እዚህም እዚያም አብራርቻለሁ፤ አትቆጣ።

ከድልድዩ ልጀምር። ባለፈው ጥር መሥሪያ ቤትህ አምባችንን ከአሶሳ የሚያገናኘውን ድልድይ ሠርቶ ሲጨርስ አንተ ቃል አቀባይ ሆነህ፣ ኮትና ከረባት አድርገህ፣ ካሜራ አስከትለህ መጣህ። ሰዉ ማሽላው ላይ ነበርና ሜዳው ባዶ ሆነብህ። ሪባኑ ተወጥሮ፣ መቀሱ በሳህን ቀርቦ፣ አጨብጫቢ ጠፋ። ያን ጊዜ ወደ አባባ ጠጋ ብለህ «ጥሩምባህን ንፋልኝ» አልከው።

የመዝገብ ቤት ሰዎች፣ እናንተ አታውቁትምና ልንገራችሁ። እኛ ደርግ ከወሎ አምጥቶ እዚህ ያሰፈረን ሰዎች ነን። ቤታችንን ጥለን ስንመጣ ጥለነው ያልመጣነው ነገር ቢኖር ቅሬያችን ነው፤ ሰው ሲሞት ተጠራርቶ የሚቀብር፣ ሐዘንተኛ የሚያጽናና ማኅበር ማለት ነው። አባታችን አምባው የዚህ ቅሬ ጥሩምባ ነፊ ነው፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሆነው። ጉብታው ላይ ይወጣል፣ ይነፋል፣ ከዚያ ማን እንደሞተ፣ የማን እናት ወይም የማን አባት እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት የት እንደሚቀበር ይናገራል። በሕይወቱ አንዴም «አንድ ሰው አርፏል» ብሎ አያውቅም። «ጥሩምባ ነፊ ስም ይጠራል፤ ስም መጥራት ያቃተው ጥሩምባውን ያስቀምጥ» እያለ ነው ያሳደገን። ጥሩምባው ለሞት ብቻ ነው። ለሠርግ አይነፋም፣ ለስብሰባ አይነፋም፤ እሳት እንኳ ሲነሣ በጩኸት ነው የምንጠራራው።

አባባ እምቢ አለህ። «ልጄ፣ ይህ የሞት ዕቃ ነው» አለህ። አንተ ግን ለመንከው፣ «ለአንድ ቀን ብቻ፣ ለልማት ነው» አልከው፣ ትከሻውን አቅፈህ አባበልከው። ለአንተ ሲል ነፋው። ሰዉ ማጭዱን እየጣለ፣ ሴቱ ነጠላውን እያዘቀዘቀ፣ «ማን ሞተ? ማን ሞተ?» እያለ ሮጦ መጣ። ሰንበቴ፣ ያቺ ከወንዙ ዳር ጠላ የምትሸጠው፣ ጋምቤላ ያለ ወንድሟ የሞተ መስሏት እየጮኸች ደረሰች። መጥታ ያገኘችው ሪባን ነው። ማታ በቴሌቪዥን ስናየው እሷ ፊቷን ስትነጭ ታሳያለች፤ አንተ ደግሞ ከላዩ ላይ «ኅብረተሰቡ ነቅሎ በመውጣት በደስታ እንባ ተቀብሎናል» ትላለህ። ያን ዕለት ሳቅን። ሰንበቴ ራሷ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ጋሽ ጫኔ ብቻ፣ የቅሬያችን ዳኛ፣ አልሳቀም። «ለሕያው የተነፋ ጥሩምባ ሟቹን ይፈልጋል» ብሎ ተነሥቶ ሄደ።

እዚያው ምረቃው ላይ እማ ኢቲዳልም ነበረች። ለመዝገብ ቤቱ ሰዎች ስለ እሷም ልጻፍ። ኢቲዳል የአገሩ ተወላጅ ናት፣ ከበርታ ሕዝብ፤ ስንሰፍር አገሩን የለቀቀችልን፣ ወባ የማይበዛበትን ዳገት ያሳየችን ጎረቤታችን። ቢሻው በሰባ ዘጠኝ ሲወለድ እናታችንን ወባ ጥሏት ጡቷ ደረቀ። ኢቲዳል የአምስት ወር ወንድ ልጅ ነበራት። አንዱን ጡት ለሱ፣ አንዱን ጡት ለዚህ ለእናንተ ቃል አቀባይ ሰጠች፤ ሁለት ዓመት። እኔ ያን ጊዜ ሰባት ዓመቴ ነው፤ አዝዬ እየወሰድኩ ያስጠባሁት እኔ ነኝና ማንም አይነግረኝም። በሃይማኖታችን የጡት ልጅ እንደ አብራክ ልጅ ነው። አንተም አፍህን የፈታኸው «እማ» ብለህ እሷን ነው።

ያን ዕለት የድልድዩን መሃለኛ ምሰሶ ትክ ብላ ካየች በኋላ ምን እንዳለችህ ታስታውሳለህ? አማርኛዋ ዘላለም ሴትና ወንድ እንደደባለቀ ነው፤ «ያ ቢሻው፣ ልጄ፣ ስሚኝ። ይሄ ወንዝ አማርኛ አይሰማም። ክረምት ሲመጣ ዛፍ ከነሥሩ ይዞ ይመጣል። ይሄ መሃል የቆመች እግር ዛፉን ትይዛለች፤ ከዚያ ውሃው ይቆጣል» አለችህ። አንተ ካሜራው እንዲያይህ ተንበርክከህ ጉልበቷን ሳምክና «እማ፣ እኔ አለሁ አይደል? አይወድቅም» አልካት። ደስ አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገበያ ላይ «ድልድዩን ልጄ ነው የሠራችው» እያለች ስታወራ ከርማለች። ሰዎች ቃል አቀባይ ድልድይ አይሠራም ሲሏት አትሰማም ነበር።

ነሐሴ አሥር ቀን ቅዳሜ፣ ከገበያ ስንመለስ፣ ድልድዩ ወደቀ። ወደቀ ነው የምልህ። እኔ ቀድሜ በእግሬ ተሻግሬ ከወዲህ ቆሜ ነበርና ያየሁትን ነው የምጽፈው። ወንዙ ሞልቶ፣ እሷ እንዳለችው ዛፍ ከነሥሩ አምጥቶ፣ መሃለኛው ምሰሶ ላይ ቁልል ሠርቶ ነበር። የባምባሲው ልጅ ለሜሳ አይሱዙውን ከድልድዩ አፍ ላይ አቁሞ ወረደና ውሃውን አየ፤ ከዚያ «ማሎ ውረዱ፣ ባዶውን ላሳልፈው፣ እናንተ አንድ በአንድ በእግር ኑ» ብሎ ለመነ። አብዛኛው ወረደ። መምህር ወንድምአገኝ፣ ከጎጃም ተመድቦ መጥቶ ሒሳብ የሚያስተምረው፣ እግሩ ተሰብሮ በጀሶ ስለነበር ጋቢና ውስጥ ቀረ። ሰንበቴ የጌሾ ከረጢቷን ትታ አልወርድም አለች። እማ ኢቲዳል ደግሞ ምን አለች መሰለህ? ለሜሳ ክንዷን ይዞ ሊያወርዳት ሲል «ተወኝ፤ ይሄ ድልድይ ልጄ ነው የመረቀችው። አይወድቅም ብላኛለች» አለችው። ይህን ለሜሳ፣ ሦስቱን ይዞ መሃል ሲደርስ ድልድዩ ወድቆ እሱ በመስኮት ወጥቶ ከተረፈ በኋላ፣ ውሃ እያስመለሰው፣ መጀመሪያ የተናገረው ቃል ነው። እስከ ዛሬ ሰው ሁሉ ዘንድ እየሄደ ይህንኑ ይደግማል። ልጁ አእምሮው እንዳይነካ እፈራለሁ።

መምህሩን በዚያው ቀን አወጣነው። ሰንበቴን በማግሥቱ አገኘናት። እማ ኢቲዳል ግን ጠፋች። የድልድዩን ሥራ የያዘው ድርጅት እስካቫተሩን አምጥቶ የተቆለለውን ግንድ ማንሳት ጀመረ፤ ስለዚህ ተስፋ ነበረን። ለአንተ የሦስቱን ስም፣ እሷ ያልተገኘች መሆኗንም ጨምሬ አራት ጊዜ በስልክ ጽፌ ላክሁልህ። መነበቡን የሚያሳየው ምልክት ከአራቱም ሥር አለ።

ከዚያ ሰኞ መጣ፤ ያ ሰኞ ሰኞ የምትሰጠው መግለጫ። ከጋሽ ጫኔ ቤት ቴሌቪዥን ፊት ሰባ ያህል ሰው ተሰብስበን፣ አባባን ፊት ለፊት አስቀምጠን፣ «አሁን ልጃችን ይናገርልናል» ብለን ጠበቅን። ሞኝነታችንን አሁን ሳስበው በአንተ ሳይሆን በራሴ እናደዳለሁ። እስከዳር የምትባል ጋዜጠኛ ተነሥታ ድልድዩ ለምን ወደቀ አለችህ። «ወድቋል የሚለው አገላለጽ ትክክል አይደለም፤ በተፈጥሮ ምክንያት ጊዜያዊ የአገልግሎት መስተጓጎል ገጥሞታል» አልካት። ስንት ሰው ሞተ አለችህ። «ከቁጥር ይልቅ በዘርፉ በተመዘገበው ውጤት ላይ ብናተኩር» አልካት። አየህ፣ ደርግ ሲያሰፍረን ለመንደሮቻችን ስም ነፍጎ ቁጥር ሰጣቸው፤ ስንረግመው ኖረናል። አንተ ቁጥሩንም ነፈግኸን። ነዋሪው ስለ መሃለኛው ምሰሶ አስቀድሞ አስጠንቅቆ እንደነበር ሰምተሃል ወይ አለችህ። «ኅብረተሰቡ ድልድዩን በደስታ እንባ የተቀበለው መሆኑን በምስል ማየት ይቻላል» አልክና የምረቃውን ፊልም አስከፈትክ። ሰንበቴ፣ ትናንት የቀበርናት ሰንበቴ፣ ፊቷን እየነጨች ስክሪኑ ላይ ወጣች። ልጆቿ ከእኛ ጋር ተቀምጠው ነበር።

ያቺ ጋዜጠኛ ግን የዋዛ አይደለችም። ወረቀት አወጣችና ሦስት ስም አነበበች። መምህር ወንድምአገኝ። ወይዘሮ ሰንበቴ። ወይዘሮ ኢቲዳል። «ሦስተኛዋ እስካሁን አልተገኙም፤ ፍለጋው ይቀጥላል ወይ?» አለችህ። ስሞቹን ለእሷ የሰጠኋት እኔ ነኝ። መዝገብ ላይ አስፍሩት፤ አልክድም። የእማን ስም ስትጠራ አየሁህ፤ አየሁህ ቢሻው። አጠገብህ ያለውን ውሃ አነሳህና ጠጣህ። ብርጭቆውን አስቀመጥክ፣ ከረባትህን ነካ አደረግህ፣ ከዚያ እንዲህ አልክ፦ «ስለ ግለሰቦች ስም አስተያየት አንሰጥም። የጠፋ ሰው ስለመኖሩ የደረሰን መረጃ የለም።» ከዚያም ፈገግ ብለህ ቀጣይ ጥያቄ አልክ። ይህን ከዚያ በኋላ በስልኬ ሰባት ጊዜ አየሁት። ምናልባት ድምፁ ላይ ትንሽ መሰበር፣ ዓይኑ ላይ ትንሽ ውሃ ይኖር ይሆን ብዬ ነው። የለም። ያለው ውሃ ብርጭቆው ውስጥ ያለው ብቻ ነው።

ጋሽ ጫኔ ቴሌቪዥኑን አጠፋው። አባባን ማንም ቀና ብሎ አላየውም፤ ከማፈራቸው የተነሣ ሰዎቹ አንድ በአንድ ሳይሰናበቱ ወጡ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ ያንተ ግን ወለምታ እንኳ አይደለም፣ አስበህበት፣ ጽፈህ፣ በማይክሮፎን የተናገርከው ነው።

ያቺ ቃልህ ደግሞ እንደ ሌሎቹ ቃሎችህ አየር ላይ አልቀረችም። ማክሰኞ ጠዋት እስካቫተሩ ተጭኖ ሊሄድ ሲል አገኘነው። የሥራ ኃላፊው ሰውዬ ክፉ አይደለም፤ ስልኩን አውጥቶ ያንተን መግለጫ አሳየኝ። «እህቴ፣ የጠፋ ሰው የለም ብለዋል እኮ። ላልጠፋ ሰው ማሽን አቁሜ ብገኝ እኔ ነኝ የምጠየቀው» አለኝ። ምን እመልስለታለሁ? የተናገረው ወንድሜ ነው፣ ይዋሻል ልበለው? አልኩት። አላመነኝም። ማሽኑ ሄደ።

ከዚያ በኋላ በእጃችን ነው የቆፈርነው። በዶማ፣ በአካፋ፣ ግንዱን በገመድ እየጎተትን፤ ወሎዬው፣ በርታው፣ ከባምባሲ የመጡ የለሜሳ ዘመዶች፣ የመምህሩ ተማሪዎች ሳይቀሩ። የእማ ሴት ልጅ፣ ያቺ ባሏ የሞተባት፣ በየማለዳው ዳሩን ይዛ «ያ ኡሚ»፣ እናቴ ሆይ፣ እያለች ትወርዳለች፤ ውሃው ከተኛበት ሊመልስላት ይመስል ትጣራለች። አባባ ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ሲቆፍር ከእኛ ጋር ሰነበተ። ሰዎች አረፍ በል ሲሉት «እኔ ነኝ የነፋሁት» ብቻ ይላል። በአሥረኛው ቀን፣ እንደገና ሰኞ ነው፣ ዓሣ የሚያጠምዱ የበርታ ሰዎች ብዙ ርቀው ቀርከሃ ውስጥ ተይዛ አገኟት። በሻሿ ነው የለየናት። ከዚህ በላይ አልጽፍልህም፤ ይህኛውን ራስህ አጣራው።

አባባ ታጥቦ፣ ልብሱን ቀይሮ ጉብታው ላይ ወጣና ነፋ። ድምፁ እንደ ድሮው አይደለም፤ ነገር ግን ሰዉ ትንፋሹን ውጦ ስለሰማው ሁሉም ቃል ተሰምቷል። «ኢቲዳል ሞታለች። ድልድዩ ወድቆ፣ ውሃ ወስዷት ነው የሞተችው። ኩርሙክን አልፎ የሄደው ልጅ እናት፣ እዚህ ያለችው ልጅ እናት፣ የልጄ የቢሻው የጡት እናት። ቀብሯ ዛሬ ከዙህር ሶላት በኋላ ነው።» በቃ ይኸው ነው። አንተ በሁለት ሰኞ፣ በብዙ ማይክሮፎን፣ ያልተናገርከውን እሱ በአንዲት የቆርቆሮ ጥሩምባ ተናገረው።

ለመዝገብ ቤት ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ ደንብ ሴት ስትቀበር ጉድጓድ ገብቶ ጀናዛዋን ተቀብሎ የሚያስተኛት የቅርብ ወንድ ዘመዷ ነው፤ ልጇ፣ ወንድሟ፣ ወይም የጡት ልጇ። የእማ ወንድሞች ሞተዋል። የአብራክ ልጇ ከኩርሙክ ማዶ ተሻግሮ ሱዳን ከገባ በኋላ ጦርነቱ መጣ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፁ የለም። ኢማሙ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው «ወንድ ልጅ የላትም?» አሉ። አባባ «አላት» አለ። «አንድ አዲስ አበባ አላት።»

አሥር ቀን ውሃ ውስጥ የቆየ ጀናዛ እስክትመጣ እንደማይጠብቅህ አባባም ያውቃል፤ ና ሊልህ አልነበረም የደወለው። ድምፅህን ፈልጎ ነው። በስልኩ ውስጥ ስሟን ጠርተህ «አውፍ በይኝ»፣ ይቅር በይኝ ማለት ነው፣ እንድትላትና ሰዉ እንዲሰማ ነው። የእጅ ስልክህ ስላልተነሣ የቢሮህን መታ፤ ድምፁን ከፍ አድርጌ የያዝኩለት እኔ ነኝ። ጸሐፊህ «ኃላፊው መግለጫ ሊጀምሩ ነው፤ ጉዳዩ ምንድን ነው?» አለች። አባባ «እናቱ ልትቀበር ነው በይልኝ፤ ጉድጓዱ አፍ ላይ ነን» አላት። ልጅቱ ደነገጠች መሰለኝ «ይጠብቁኝ» አለችና ሄደች። ጠበቅን። ሁለት መቶ ሰው ከአንዲት ስልክ ፊት ቆሞ ጠበቀ። ተመልሳ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጥያቄዎን በጽሑፍ ያስገቡ ብለዋል» አለች። ብለዋል አለች፤ ብያለሁ አላለችም። በልጅቱ አልፈርድም፤ ይህን ደብዳቤ ተቀብላ ከሆነ እሷን ሰላም በሉልኝ።

አባባ ስልኩን ከእጄ ወስዶ ኪሱ ውስጥ ከተተና «ባዕድ ያስተኛት» አለ። ሦስት ሰው ከቅሬው ገብተው ተቀበሏት። ቆመን «አውፍ ብለናል» አልን፤ ለእሷ ማለታችን ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። በቅሬያችን ሕግ ሳይታመም፣ ሳይታሰር፣ መንገድ ሳይዘጋበት ከእናቱ ቀብር የቀረ ሰው ከቅሬ ይወጣል። ከቅሬ የወጣን ሰው ቤቱ ሐዘን ቢገባ የሚደርስለት የለም፤ ሲሞትም እዚህ አይቀበርም። ጋሽ ጫኔ ጉዳይህን ባለፈው ጁምዓ ለሽማግሌዎች አቀረበ። አንዳንዶቹ «ሩቅ ነው፣ ሥራው ነው፣ እንጀራው ነው» አሉልህ። ውሻ በበላበት ይጮሃል ያለም ነበር። ሊወስኑብህ ሲሉ አባባ ተነሥቶ እስከ አርባዋ ድረስ ታገሡኝ አለ። የእማ ኢቲዳል አርባ መስከረም ሃያ ሦስት ቀን፣ ጁምዓ ነው። ሶደቃዋን እኛው ደጅ እናወጣለን። ያን ቀን መጥተህ፣ ካሜራ ሳታስከትል፣ ጉብታው ላይ ቆመህ ስሟን ትጠራለህ፤ የጠፋ ሰው የለም ያልኩት ዋሽቼ ነው ትላለህ፤ ከዚያ ልጇን አውፍ በይኝ ትላታለህ። ሌላ የሚፈለግብህ የለም። ትመጣለህ ወይስ አትመጣም? መልሱ አንዲት ቃል ነው። «ከዚህ አንጻር» አትበለኝ። «በየደረጃው» አትበለኝ። እያጣራን ነው አትበለኝ፤ አንተን ምን አጣሪ ያስፈልግሃል፣ ጡቷን የጠባኸው አንተ ነህ።

አልመጣም ብትል ምን እንደሚሆን ጋሽ ጫኔ አባባን ጠይቆታል። ከቅሬ የወጣን ሰው የሚያስታውቀው ጥሩምባ ነፊው አይደለም፤ ዳኛው ራሱ መስጊድ ደጅ ላይ በቃሉ ይናገራል። ጋሽ ጫኔም የአባትን አንጀት አስቦ «አንተ እቤትህ ዋል፣ እኔ እናገረዋለሁ» አለው። አባባ ግን እንዲህ አለ፤ ቃል በቃል ነው የምጽፍልህ፦ «አንድ ጊዜ ለሕያው ነፋሁት፤ ያም ለሱ ብዬ ነው። ካልመጣ ግን የምነፋው ለሕያው አይደለም። ስሙን ጠርቼ፣ የማን ልጅ እንደሆነ ተናግሬ፣ እንደ ማንኛውም ሟች እለፍፈዋለሁ። ሰዉም ደጄ መጥቶ ሦስት ቀን ይቀመጥልኝ።» ሽማግሌዎቹ ደነገጡ። የቁም ልጁን መርዶ የነገረ አባት በዚህ አገር አልታየም ብለው ለመኑት። መልስ አልሰጣቸውም። አንተ የጠያቂን አፍ ስትዘጋ እንዳየሁት አይደለም፤ እሱ ተናግሮ ጨርሶ ነው ዝም ያለው።

የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ ለማን እንደላክሁ ብትጠይቀኝ አጣርቼ እነግርሃለሁ። እስከዳር ግን ጥሩ ልጅ ናት።

እንግዲህ ስንብት ነውና፣ ለባለቤትህ ለትዕግሥት ሰላምታዬን ንገርልኝ፤ እሷ ይህን ሁሉ አታውቅምና በእሷ ቂም የለኝም። ልጆችህን ስሚያቸው በላት፤ አክስታችሁ የማሽላ እሸት አስቀምጣላችኋለች በሏቸው። ጋሽ ጫኔ ሰላም ብሎሃል፤ ሰላም ያለህ የቅሬው አባል እስከሆንክ ድረስ ነው ብለሽ ጻፊለት ብሏል። ለሜሳ ሰላም አላለህም፤ አንተን ሲያነሡበት ተነሥቶ ይወጣል። የእማ ልጅ ግን፣ አላህ ያክብራትና፣ «ለወንድሜ ሰላም በይው፤ እማ እስከ መጨረሻው ስትኮራበት ነበር በይው» አለችኝ። ከዚህ ሁሉ ይህኛው ቢያቃጥልህ ነው የምወደው።

አባባ ሰላም በይልኝ አላለኝም። ደብዳቤ ልጽፍለት ነው ብዬ ነግሬው ነበር። ዛሬ ጠዋት ከደጅ ተቀምጦ ጥሩምባውን በአመድና በጨርቅ ሲወለውል አገኘሁት።

እህትህ በለጡ አምባው
አሶሳ
መስከረም 4 ቀን 2018 ዓ.ም.